ኦልድ ሺፕ፦ የሂንግሃም መሰብሰቢያ ቤት

ኦልድ ሺፕ (ትርጉሙ «አሮጌው መርከብ») በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ከቦስተን በስተደቡብ ምሥራቅ ባለችው በሂንግሃም ከተማ የሚገኝ ከእንጨት የተሠራ የጸሎትና የስብሰባ ቤት ነው። የቆመው በ1681 ነው፤ እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፒዩሪታን የተባሉት ፕሮቴስታንቶች በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ካነጿቸው መሰብሰቢያ ቤቶች ውስጥ እስከ ዛሬ የተረፈው እርሱ ብቻ ነው። በ1960 በብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግቧል።

ዛሬ ቤቱ የዩኒቴሪያን ዩኒቨርሳሊስት ምእመናን ነው። ዩኒቴሪያን የሚለው ስም የወጣው እግዚአብሔር በአካልም አንድ ነው ብለው የሥላሴን ትምህርት ላልተቀበሉ ክርስቲያኖች ነው። ቤቱን ያቆሙት ሰዎች ግን ሥላሴን የሚያምኑ የካልቪን ተከታዮች ነበሩ።

አመሠራረት

የሂንግሃም ቀደምት ሰፋሪዎች ብዙዎቹ የመጡት በእንግሊዝ ኖርፎክ ካለችው ሂንግሃም ነው፤ የአዲሲቱ ከተማ ስምም ከዚያው የተወሰደ ነው። የመጀመሪያው ሰባኪ ፒተር ሆባርት በ1635 ደርሶ ጉባኤውን መሠረተ። ሆባርት ከባለሥልጣን ጋር መጋጨት የማይፈራ ሰው ነበር፤ በ1645 በከተማው ሚሊሻ አዛዥ ምርጫ የተነሳው ጠብ የቅኝ ግዛቱን ምክትል ገዥ ጆን ዊንትሮፕን ሳይቀር ለችሎት አቁሟል። ዊንትሮፕ ነጻ ወጣ፤ ሆባርትና ተባባሪዎቹ ግን ተቀጡ።

ሆባርት በ1679 ሲሞት የመጀመሪያው መሰብሰቢያ ቤት አርጅቶ ነበር። አዲሱ የት ይሠራ በሚለው ላይ ከተማው ተከፋፈለ፤ ነገሩ ቦስተን ካሉት ባለሥልጣናት ዘንድ ደረሰ። በመጨረሻ የሟቹ ሰባኪ ወንድም ሻምበል ጆሹዋ ሆባርት በሰጠው መሬት ላይ እንዲቆም ተወሰነ። ማዕቀፉ የተነሳው ከጁላይ 26 እስከ 28 ቀን 1681 በሦስት ቀናት ውስጥ ነው፤ ወጪው 430 ፓውንድና አሮጌው ቤት ነበር። ሕዝቡ በአዲሱ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበሰበው ጃንዋሪ 8 ቀን 1682 ነው። ሆኖም በዚያን ጊዜ እንግሊዞች ዓመት የሚለውጡት በማርች 25 ስለነበር ዕለቱ በእነርሱ አቆጣጠር ገና በ1681 ውስጥ ነበር። በሁለት የዘመን አቆጣጠር መካከል ለሚኖር አንባቢ ይህ አያስቸግርም።

አሠራሩ

ፒዩሪታኖች ሕንጻን «ቤተ ክርስቲያን» ማለት አይወዱም ነበር፤ ለእነርሱ ቤተ ክርስቲያን ማለት ሕዝቡ ነው። ስለዚህ ቤቱ መሠዊያም መስቀልም አልነበረውም፤ እሑድ የሚሰበክበት አዳራሽ በሌላ ቀን የከተማው ጉዳይ የሚመከርበት ነበር። ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ይቀመጡ ነበር፤ ማን የት እንደሚቀመጥም የሚወስነው ከተማው ነው። እሳት የሚነድበት ቦታ አልነበረም፤ በኒው ኢንግላንድ ክረምት ሰዓታት የሚወስድ ስብከት በዚያ ብርድ መስማት ምን ያህል ጽናት እንደሚጠይቅ መገመት አይከብድም።

ቤቱ መጀመሪያ ሲሠራ 55 ጫማ በ45 ጫማ (17 ሜትር በ14 ሜትር ገደማ) ነበር። ሕዝቡ ሲበዛ በ1731 በአንድ ጎን 14 ጫማ፣ በ1755 በተቃራኒው ጎን ሌላ 14 ጫማ ተጨመረ። ዛሬ የሚታየው የስብከት ሰገነትም የ1755 ነው። በዚያው ዓመት ተራ አግዳሚ ወንበሮች በነበሩበት በአጭር የሳንቃ ግድግዳ የታጠሩ፣ በር ያላቸው የቤተሰብ መቀመጫዎች ገቡ። በ1869 እነዚያ ተነቅለው በዘመኑ ፋሽን ተተኩ፤ በ1930 በተደረገው እድሳት ደግሞ ተመለሱ።

ከሁሉ የሚደነቀው ጣራው ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጉ ወፋፍራም የኦክ አግዳሚዎች አሉ፤ በላያቸው መካከል ላይ ቋሚ ይነሳል፣ ከግራና ከቀኝ ደግሞ እንደ ቀስት የጎበጡ ደጋፊዎች ወደ ላይ ይወጣሉ። ብዙ ጽሑፎች ይህን በለንደኑ ዌስትሚኒስተር አዳራሽ ከሚታየው «ሀመርቢም» ከሚባለው የጎቲክ ጣራ ይመድቡታል። ምድቡ ትክክል አይመስልም፤ የሀመርቢም ጥበብ አዳራሹን የሚያቋርጠውን አግዳሚ ማስቀረት ነውና። እዚህ አግዳሚው ከነሙሉ ርዝመቱ አለ። ጠራቢዎቹ የሠሩት ከእንግሊዝ ይዘውት የመጡትን የጎተራና የአዳራሽ አሠራር ነው ቢባል ለእውነቱ ሳይቀርብ አይቀርም፤ ሙያው ደግሞ ከጎቲክ የማያንስ፣ የሚያስከብራቸው ነበር።

«መርከብ» የተባለበት ምክንያት

ስሙ ከየት እንደመጣ ያከራክራል። በብዛት የሚነገረው፣ ጣራውን ከታች ቀና ብሎ ያየ ሰው የተገለበጠ መርከብ ሆድ ዕቃ ይመስለዋል የሚለው ነው። ከዚህ ጋር ቤቱን የሠሩት መርከብ ሠሪዎች ናቸው የሚል ይከተላል። ሂንግሃም የባሕር ዳር ከተማ ናትና በሠራተኞቹ መካከል መርከብ የጠረበ እጅ አይጠፋም፤ ይሁን እንጂ ከዚያ በላይ የሚያስኬድ አይደለም።

የጣራውን ማብራሪያ የሚፈትን አንድ ነገር አለ። በ1731 ቤቱ ሲሰፋ ከጣራው በታች ኮርኒስ ተሠርቶ እንጨቶቹን ሸፈናቸው። የተገለጡት በ1930 ነው። ለሁለት መቶ ዓመት ገደማ እሑድ እሑድ ወደ ላይ ያንጋጠጠ ምእመን ያየው ጠፍጣፋ ኮርኒስ ነበር፤ «አሮጌው መርከብ» የሚለው አጠራር ግን ከእድሳቱ በፊት የተለመደ ነበር። ስሙ ከጣራው የመጣ ከሆነ ወይ ከ1731 በፊት የወጣ ነው፣ ወይም ወደ ጣራው ሥር የወጡ ጥቂቶች ያወሩት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው አስተያየት ትኩረት ይገባዋል፦ በአራት ጎን አዘንብሎ የሚወጣው ጣራ ጫፍ ላይ ያለችው የደወል ማማ ከሩቅ የመርከብ መመልከቻ ትመስላለች። ሦስተኛም አለ፤ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የቤተ ክርስቲያን መካከለኛ አዳራሽ የሚጠራበት ቃል መርከብ ከሚለው ከላቲኑ «ናቪስ» ጋር ይያያዛል። ሆኖም ቤታቸውን ቤተ ክርስቲያን ማለት እንኳ ያልወደዱ ሰዎች እንዲህ ያለ ቃል መርጠው ይጠቀማሉ ማለት ይከብዳል።

ከካልቪን ወደ ዩኒቴሪያን

እምነቱ የተለወጠው ቀስ በቀስ ነው። ኤቤነዘር ጌይ ከ1718 ጀምሮ እስከ 1787 ድረስ፣ 69 ዓመት ሙሉ፣ በዚሁ ቤት ሰበከ። ሰው በተፈጥሮው የተበላሸ ነው የሚለውን የካልቪን ትምህርት እየተወ ስለ እግዚአብሔር ቸርነትና ስለ ሰው አእምሮ አስተማረ፤ አንዳንድ ታሪክ ጸሐፊዎች የአሜሪካ ዩኒቴሪያኒዝም አባት ይሉታል። በአሜሪካ አብዮት ጊዜ ለእንግሊዝ ንጉሥ ቢያደላም ሕዝቡ አላባረረውም። በ90 ዓመቱ፣ እሑድ ጠዋት ለስብከት ሲሰናዳ ሞተ።

ተተኪው ሄንሪ ዌር በ1805 ወደ ሃርቫርድ የሥነ መለኮት ፕሮፌሰርነት ሲጠራ ሹመቱ የኒው ኢንግላንድን አብያተ ክርስቲያናት ለሁለት የከፈለውን ክርክር ለኮሰ። ሂንግሃምም ተከፈለች፤ ግን በሃይማኖት ሳይሆን በፖለቲካ። ሪፐብሊካኑ ጆሴፍ ሪቻርድሰን በ1806 ሲሾም የፌደራሊስት ወገን የሆኑት ወጥተው በ1807 ኒው ኖርዝ የተባለውን ቤት አሠሩ። ሪቻርድሰን ኋላ ላይ የኮንግረስ አባል ሆኗል።

መቃብር

ከቤቱ በስተኋላ ባለው ኮረብታ የከተማው መቃብር አለ። በ1781 በዮርክታውን የተሸነፈውን የእንግሊዝ ጦር ሰይፍ የተቀበለው ጄኔራል ቤንጃሚን ሊንከን እዚያ ተቀብሯል።

ደወል

የደወሉ ገመድ ከማማው ተነስቶ በጣራው መሐል አልፎ እስከ አዳራሹ መተላለፊያ ይወርዳል፤ ደዋዩ የሚቆመው በሕዝቡ መካከል ነው።