ዝግ ያለው ዜማና ብርቁ ሸክላ

አንድ የሸክላ ዘፈን ብርቅ የሚሆነው በአብዛኛው በወጣበት ዘመን ገዥ ስላጣ ነው። በብዛት የተሸጠው ሸክላ በየቤቱ ስለሚገኝ ዋጋው አይንርም፤ ጥቂት መቶ ቅጂ ብቻ ታትሞለት፣ በአካባቢው ራዲዮ ለጥቂት ቀን ተሰምቶ የተረሳው ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ዕቃ ይሆናል። እንግዲህ ዛሬ ለአንዲት ባለ 45 ዙር ሸክላ የሚከፈለው ከፍተኛ ገንዘብ የዘፋኙን ዕድለ ቢስነት የሚለካ ሚዛን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህ ሁኔታ ጎልቶ ከሚታይባቸው የሙዚቃ ዘርፎች አንዱ በአሜሪካ «ስዊት ሶል» ማለትም ጣፋጭ ሶል የሚባለው፣ በካሊፎርኒያ የሜክሲኮ ተወላጆች ዘንድ የ«ሎውራይደር» መኪና ጓደኛ ሆኖ የኖረው የፍቅር ዜማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ የሚኖሩ የቺካኖ ወጣቶች አሮጌ ሸቭሮሌት እየገዙ፣ በዕቃ መጫኛው የአሸዋ ከረጢት እየጫኑ፣ መኪናይቱ መሬት ልትነካ እስክትደርስ ዝቅ ያደርጓት ነበር። ሌላው አሜሪካዊ ወጣት ፍጥነት ሲሻ እነርሱ ዝግታን መረጡ፤ ቅዳሜ ማታ በዊቲየር ጎዳና በእግረኛ ፍጥነት መንሸራሸር የክብር መግለጫ ሆነ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የካሊፎርኒያ ሕግ የመኪናው አካል ከጎማው ቸርኬ በታች እንዳይወርድ ሲከለክል፣ ሮን አጊሬ የተባለ ወጣት በ1959 የአውሮፕላን የዘይት ግፊት መሣሪያ በኮርቬት መኪናው ላይ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ በአንዲት ማብሪያ ማጥፊያ መኪናን ሕጉ ወደሚፈቅደው ከፍታ ማንሳት፣ መልሶም ዝቅ ማድረግ ተቻለ። ክፍለ ግዛቱ እንዲህ ያለውን ሽርሽር የሚከለክሉትን ደንቦች በሕግ የሻረው በ2023 ነው።

ዝግ ብላ የምትሄድ መኪና ዝግ ያለ ዜማ ትፈልጋለች። የሶል ሸክላ አሳታሚዎች አብዛኛውን ጊዜ ለጭፈራ የሚሆነውን ፈጣን ዘፈን በፊተኛው ገጽ፣ የሚያባባውን ዘገምተኛ ዜማ በጀርባው ያደርጉት ነበር። የሰሜን እንግሊዝ የሶል ወዳጆች ፈጣኑን ገጽ ሲያሳድዱ፣ የሎስ አንጀለስ ሠፈርተኞች ሸክላውን ገልብጠው ጀርባውን አዳመጡ። ዘፋኞቹም በአብዛኛው ጥቁሮች ነበሩ፤ የዲትሮይቷ ሜሪ ዌልስ፣ የፊላደልፊያዋ ባርባራ ሜሰን፣ ብሬንተን ዉድ። ከቺካኖዎቹ ወገን ደግሞ የምሥራቅ ሎስ አንጀለሶቹ ዚ ሚድናይተርስና የሳን አንቶኒዮው ሳኒ ኦዙና ተነሡ።

የሮዚ ሃምሊን ታሪክ ረዘም ብሎ መነገር ይገባዋል። በ1960 የ15 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከሳን ዲዬጎ አካባቢ ጓደኞቿ ጋር ሆና «ኤንጅል ቤቢ» የተሰኘውን የራሷን ድርሰት ሳን ማርኮስ በምትባል ከተማ፣ ቀድሞ የአውሮፕላን መጠለያ በነበረ ቤት አስቀረጸች። ሳክስፎን ተጫዋቹ የቤቱን ሣር እንዲያጭድ ታዝዞ ስለቀረ፣ የቤዝ ጊታሩ ተጫዋች ሳክስፎኑን ተቀብሎ እንደነገሩ ነፋው ይባላል። ያ መንገዳገድ እስከ ዛሬ ይሰማል፤ እኔም እርማት ባያገኝ ደስ ከሚሉኝ ስሕተቶች አንዱ ነው። ዘፈኑ በ1961 መጀመሪያ በአገር አቀፉ ሰንጠረዥ 5ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ነገር ግን በሸክላው ላይ የደራሲነቱ ስም ለሌላ የቡድኑ አባል ተሰጠ፤ ልጅቱም የድካሟን ዋጋ ለማግኘት ለብዙ ዓመታት ተሟገተች። በ2017 ዐረፈች።

እነዚህን ዜማዎች ከመረሳት ያዳናቸው ማን ነው ቢባል በቅድሚያ የሚጠራው የራዲዮ ሰው አርት ላቦ ነው። የአርመን ተወላጅ የሆነው ላቦ በ1950ዎቹ ከአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ሲያሰራጭ ወጣቶቹ እየመጡ የሚጠይቁትን የቆየ ዘፈን በዝርዝር ያዘ፤ ከዚያም በ1959 የልዩ ልዩ አሳታሚዎችን ሥራ በአንድ ረጅም ሸክላ አሰባስቦ አወጣ። ሸክላው ከ3 ዓመት በላይ በሰንጠረዡ ቆየ። በኤል ሞንቴ አዳራሽ ባዘጋጃቸው የዳንስ ምሽቶችም ነጭ፣ ጥቁርና ቺካኖ በአንድነት ጨፈሩ። ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው ግን የምርጫ ዘፈን ዝግጅቱ ነው። ሚስት በእስር ቤት ላለ ባሏ፣ ሕፃን ለታሰረ አባቱ በአየር ሞገድ ሰላምታ ይልካሉ፤ ላቦ በእርጋታ ተቀብሎ ዘፈኑን ያሰማል። በኦክቶበር 2022 በ97 ዓመቱ ሲሞት፣ አስቀድሞ የቀረጸው የመጨረሻ ዝግጅቱ ከሁለት ቀን በኋላ ተላለፈ።

ሁለተኛው ባለውለታ አጠያያቂ ነው። «ኢስት ሳይድ ስቶሪ» የተሰኙት 12 ሸክላዎች፣ በሽፋናቸው የሠፈሩን ሰዎች ከነመኪኖቻቸው እያሳዩ፣ በገበያ የታጡትን ዘፈኖች ለድኻው ወጣት አቀረቡ። ያለ ባለመብቶቹ ፈቃድ እንደታተሙ በሰፊው ይነገራል። በዚያን ጊዜ ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 1972 በፊት የተቀረጸ ድምፅ በአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕግ አይጠበቅም፤ ነገሩ ለየክፍለ ግዛቱ የተተወ ነበር። ይህ ጉድለት የተሞላው በ2018 ነው። ዘፈኑን ከመረሳት ያዳነው ሰው ለዘፋኙ አንድ ሳንቲም አልሰጠም ማለት ነው።

ሰብሳቢውስ? ብርቁን ሸክላ በውድ ዋጋ የሚገዛው ሰው ገንዘቡን የሚሰጠው ለሻጩ እንጂ ለዘፋኙ አይደለም። የአምሃ እሸቴና የሌሎች አሳታሚዎቻችን ትንንሽ ሸክላዎች በባሕር ማዶ ገበያ ሲሸጡ የሚታየውም ይኸው ነው። ስለዚህ ሰብሳቢነትን ባላወግዝም፣ ባለቤቱን ፈልጎ፣ ተዋውሎ እንደገና የሚያሳትመውን አበልጣለሁ። የቺካጎው ኑሜሮ ግሩፕ በ2004 ካፕሶል የተባለውን የኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ አሳታሚ ሥራዎች አሰባስቦ ሲያወጣ መንገዱን አሳየ። ካፕሶልን በ1970 ያቋቋመው ጥቁሩ የራዲዮ ሰው ቢል ሞስ ሲሆን ድርጅቱ ከጥቂት ዓመታት በላይ አልዘለቀም። በ2017 ደግሞ የሳኒ ኦዙና የቀድሞ ሥራዎች በኒው ዮርክ እንደገና ታተሙ። በ2020 በሪቨርሳይድ፣ ካሊፎርኒያ፣ የተቋቋመው ፔንሮዝ በበኩሉ የወጣት ዘፋኞችን አዲስ ሥራ በ5 ባለ 45 ዙር ሸክላዎች አሳትሞ በአንድ ጊዜ አወጣ፤ ዜማዎቹም እንደ ጥንቱ ዝግ ያሉ ናቸው።