ፍጥሞ፦ የራእይ ዋሻና የዓሣ አጥማጆች ደሴት

ፍጥሞ በኤጂያን ባሕር ደቡብ ምሥራቅ፣ ከትንሿ እስያ ጠረፍ ፊት ለፊት የምትገኝ የግሪክ ደሴት ናት። ግሪኮች «ፓትሞስ» ይሏታል፤ እኛ ግን ስሟን የምናውቀው ከራእየ ዮሐንስ (ምዕ. 1፥9) ነው። ስፋቷ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ነዋሪዎቿም 3 ሺህ ያህል ናቸው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ሞቃት ወቅት ግን ወደቧ በእንግዶች ይጨናነቃል። ከእነዚህ ጥቂቱ ቅዱሱን ስፍራ ለመሳለም፣ ብዙው ደግሞ በባሕሩ ዳርቻ ለማረፍ የሚመጣ ነው። ምእመናን ወደዚህች ደሴት ከመሄዳቸው በፊት ምን እንደሆነች ያውቁ ዘንድ ታሪኳንና የዛሬ ገጽታዋን በአጭሩ እናቀርባለን። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዓሣ አጥማጁ በግዞት

ቅዱስ ዮሐንስ ወንጌላዊ የዘብዴዎስ ልጅ፣ ሙያውም ዓሣ ማጥመድ ነበር። ጌታችን ሲጠራው ከአባቱና ከወንድሙ ከያዕቆብ ጋር በታንኳ ውስጥ መረብ ያበጅ ነበር (ማቴ. 4፥21)። መረቡንም አባቱንም ትቶ የተከተለው ይህ ሐዋርያ በእርጅናው ዘመን ዳግመኛ በውኃ ተከቦ ተቀመጠ። በትውፊት እንደሚታወቀው በ95 ዓ.ም. ገደማ፣ በንጉሡ በድምጥያኖስ ዘመን፣ ስለ እግዚአብሔር ቃል ከኤፌሶን ወደ ፍጥሞ ተጋዘ። ንጉሡ በ96 ሲሞት ግዞቱ አበቃና ወደ ኤፌሶን ተመለሰ።

ዛሬ ለእረፍት የሚመጣ ሰው ባሕሩን በደስታ ይመለከታል። ለሐዋርያው ግን ያው ባሕር የእስር ቤቱ ቅጥር ነበር። መልእክት የጻፈላቸው ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት ከውኃው ማዶ በትንሿ እስያ ነበሩ፤ በመካከላቸው የተዘረጋው ማዕበል ከልጆቹ ለይቶታል። በራእዩ መጨረሻ አዲስ ሰማይና አዲስ ምድር ባየ ጊዜ ባሕር ከእንግዲህ ወዲያ እንደሌለ መጻፉን (ራእ. 21፥1) በዚህች ደሴት ዳርቻ ቆሞ የሚያነብ ሰው የመለየትን ኀዘን ያስታውሳል፤ መለየት የማይኖርበትንም ሕይወት ተስፋ ያደርጋል።

ዋሻውና ገዳሙ

ከስካላ ወደብ ወደ ተራራው ጫፍ በሚወስደው መንገድ እኩሌታ ላይ የራእይ ዋሻ ይገኛል። ግሪኮች «አፖካሊፕሲስ» ብለው ይጠሩታል፤ መገለጥ ማለት ነው። በግእዝ መጻሕፍታችን ራእዩ «አቡቀለምሲስ» መባሉም ከዚሁ የግሪክ ቃል የመጣ ነው። በዋሻው ጣሪያ ላይ በሦስት የተከፈለ ስንጥቅ ይታያል፤ አባቶች የምሥጢረ ሥላሴ ምሳሌ አድርገው ያስረዱታል። ሐዋርያው ራሱን ያሳርፍበት እንደነበር የሚነገርለት ጎድጓዳ ስፍራም በብር ተከፍፎ ይታያል። ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ ቃሉን እየሰማ ይጽፍ እንደነበር በትውፊት ይነገራል፤ በግሪክ ሥዕላትም ሁለቱ አንድ ላይ ይሣላሉ።

በተራራው ጫፍ የቅዱስ ዮሐንስ ነባቤ መለኮት ገዳም አለ። መሥራቹ በ1088 ደሴቲቱን ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ አሌክሲዮስ ኮምኔኖስ የተቀበሉት መነኩሴ ክሪስቶዱሎስ ናቸው፤ ስማቸው በእኛ ቋንቋ «ገብረ ክርስቶስ» ማለት ነው። የገዳሙ ቅጥር እንደ ምሽግ ከፍ ያለና ወፍራም የሆነው የባሕር ወንበዴዎችን ለመከላከል ነው። በቤተ መጻሕፍቱ ካሉት የብራና መጻሕፍት መካከል በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሐምራዊ ብራና ላይ በብር ቀለም የተጻፈ ወንጌል 33 ቅጠሎች ይገኛሉ፤ የያዙትም ከማርቆስ ወንጌል ነው። በ1999 ዩኔስኮ ገዳሙን፣ ዋሻውንና በገዳሙ ዙሪያ ያለችውን የኮራን ከተማ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

መንደሮቹና ባሕሩ

በኮራ ያሉት በኖራ የተለሰኑ ነጫጭ ቤቶች ጠባብ መተላለፊያዎችን ይዘው በገዳሙ ዙሪያ ተጠጋግተው ተሠርተዋል፤ ሕዝቡ በአደጋ ጊዜ ወደ ገዳሙ ቅጥር ይሸሽ ነበርና። የወንበዴዎች ስጋት ሲቀንስ ሰው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወርዶ ስካላን አስፋፋ። በደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በግሪኮስ ትናንሽ የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች ከእንግዶች ማረፊያዎች ፊት ለፊት ታስረው ይታያሉ። ከባሕረ ሰላጤው ጫፍ ካሊካትሱ የሚባል ትልቅ ዓለት ቆሟል፤ በውስጡ የተፈለፈሉት ክፍሎች በጥንት ዘመን የባሕታውያን መኖሪያ እንደነበሩ ይታመናል። በአንዲት መንደር የዓሣ አጥማጁ መረብ፣ የእንግዳው ማረፊያና የባሕታዊው በኣት ጎን ለጎን ይታያሉ።

ሥርዓታቸውና ሥርዓታችን

በጸሎተ ሐሙስ በኮራ አደባባይ የእግር አጠባ ሥርዓት በሕዝብ ፊት ይፈጸማል። የገዳሙ አበምኔት ጌታችንን፣ 12 አገልጋዮች ደግሞ ሐዋርያትን ወክለው ይቀመጣሉ። ይህን የሚያይ ኢትዮጵያዊ ምእመን በቤተ ክርስቲያናችን በዚያው ዕለት የሚፈጸመውን ሕጽበተ እግር ያስታውሳል። ግሪኮች የሐዋርያውን ዕረፍት በመስከረም 26 በራሳቸው አቆጣጠር ያከብራሉ፤ እኛ ደግሞ ጥር 4 ቀን እናከብራለን።

ይህ ቅርበት ቢኖርም ልዩነቱን ማወቅ ይገባል። ገዳሙ በቁስጥንጥንያ መንበረ ፓትርያርክ ሥር ነው። ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ቤተ ክርስቲያናችን ከእነርሱ ጋር የቁርባን አንድነት ስለሌላት ምእመናን ስፍራውን ቢሳለሙና ቢጸልዩም ቅዱስ ቁርባን አይቀበሉም። ጉዞው በነሐሴ ከሆነ የፍልሰታን ጾም ማሰብ ያስፈልጋል። ግሪኮችም በነሐሴ መጀመሪያ ለእመቤታችን ይጾማሉ፤ ነገር ግን ደም የሌላቸውን የባሕር እንስሳት በጾም ይመገባሉና «የጾም ነው» ተብሎ የቀረበ ማዕድ ሁሉ ከእኛ ሥርዓት ጋር ይስማማል ማለት አይደለም።

ለሚሄዱ ምእመናን

ደሴቲቱ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት የሚደረስባት በመርከብ ነው፤ ከአቴና ወደብ ከፒሬዎስ ወይም ከአጎራባች ደሴቶች መነሣት ይቻላል። ትላልቅ መርከቦች ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ስለሚያወርዱ ዋሻው ይጣበባል፤ በጸጥታ መጸለይ የሚሻ ሰው ማልዶ ቢሄድ ይሻለዋል። ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ ግዴታ ነው። ከባሕር ዳርቻ በዋና ልብስ ተነሥቶ ወደ ዋሻው መምጣት ለስፍራው ክብር አይመጥንም።

ማረፍ በራሱ ነውር አይደለም፤ ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ አዝዟቸዋል (ማር. 6፥31)። የሚያስፈልገው ግን ስፍራው የማን እንደሆነ አለመርሳት ነው። ሐዋርያው ወደ ፍጥሞ የመጣው ወድዶ ሳይሆን ተፈርዶበት ነው፤ ቢሆንም በዚያ ሰማይ ተከፍቶለታል። ዛሬ በፈቃዳችን፣ በምቾት የምንሄድ እኛ ከባሕሩ ጎን ለዋሻው አንድ ሰዓት ብንነፍገው ደሴቲቱን አየን ለማለት አንችልም። ከመሄዳችን በፊት ራእየ ዮሐንስን ብናነብ፣ ከዋሻውም ስንደርስ በዝምታ ብንቆም፣ ጉዟችን ከእረፍትነት አልፎ በረከት የምናገኝበት ይሆናል።

የወንጌላዊው የቅዱስ ዮሐንስ በረከት አይለየን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።