የቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀት

ዛሬ የምናወራው ስለ አንዲት ወረቀት ታሪክ ነው። ወረቀቷ ትንሽ ናት። የሰው ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማና ክብ ማኅተም አለባት። ስሟ የነፃ ሕክምና ወረቀት ነው። ብዙ ሰው ግን «የቀበሌ ወረቀት» እያለ ይጠራት ነበር።

ለመሆኑ ቀበሌን ከሕክምና ጋር ምን አገናኘው? ነገሩ የሚጀምረው ከቤትና ከመሬት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የከተማ ነዋሪም በየሰፈሩ በማኅበር ተደራጀ። ቀበሌ የምንለው ይህን ማኅበር ነው። በወር እስከ 100 ብር የሚከፈልባቸውን ቤቶች ኪራይ ቀበሌ ይሰበስብ ጀመር። አዋጁ ሌላም ሥራ ሰጠው፤ ከመንግሥት ጋር ሆኖ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት፣ ጤና አገልግሎት፣ ገበያና መንገድ ማቋቋም።

እስቲ ቦሌን እንመልከት። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር ቪላ ቤቶች ነበሩ። ከኋላቸው የጭቃ ቤት አለ። ወደ ገርጂና ወደ ቡልቡላ ሲወጡ ደግሞ እርሻ ነበር። የቪላው ሰው ሲታመም በመኪና ሄዶ፣ ከፍሎ ይታከማል። የጭቃ ቤቱ ሰው ይተኛል፤ ይሻለኛል እያለ ይጠብቃል። ቀበሌ ግን ሰውን የሚመዘግበው በሰፈሩ እንጂ በሀብቱ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱም በአንድ መዝገብ ላይ ሰፈሩ።

መክፈል የማይችል ሰው ቀበሌ ሄዶ ያመለክታል። ቀበሌው ድህነቱን አረጋግጦ ይጽፍለታል፤ ማኅተም ይመታበታል። ሰውየው ወረቀቷን ይዞ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል በነፃ ይታያል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሐኪም ማን ድሃ እንደሆነ አያውቅም። ጎረቤት ግን የማን ምድጃ እሳት ሳይነድበት እንዳደረ ያውቃል።

ይሁን እንጂ ጎረቤት ሲፈርድ ያዳላል። ለወደደው ቶሎ ይጽፋል፤ ያልወደደውን «ነገ ተመለስ» ይለዋል። ደግሞም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ያው ቀበሌ የእስርና የፍርሃት ቤት ነበር። እዚያ ገብቶ «ድሃ ነኝ፣ እርዱኝ» ማለት ቀላል አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ግን የቤት ቁጥሩ ነገር ነው። ሥራ ፍለጋ ከገጠር የመጣ፣ ዘመድ ቤት የተጠጋ፣ በረንዳ የሚያድር ሰው የቤት ቁጥር ከየት ያመጣል? መዝገብ ላይ ከሌለ ወረቀት የለም። ለድሃ የተሠራችው ወረቀት ከድሃም የባሰውን ድሃ ጥላው ሄደች።

መድኃኒትም ሌላ ጣጣ ነበር። ጤና ጣቢያው ውስጥ መድኃኒት ከሌለ በሽተኛው «ከውጭ ግዛ» ይባላል። የግል መድኃኒት ቤት ደግሞ የሚፈልገው ብር እንጂ የቀበሌ ማኅተም አይደለም። እንግዲህ የነገሩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀበሌው ይፈርማል፤ ፊርማ ገንዘብ አያስወጣውም። ወጪው በጤና ጣቢያው ላይ ይቀራል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ይህን ለማስተካከል ተነሣ። ድሃውን የመረጠ አስተዳደር ሂሳቡንም ይክፈል አለ። በእኔ አስተያየት ከማኅተሙ ይልቅ ይህ ይበልጣል።

ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ በከተማ የጤና ኤክስቴንሽን ነርሶች ቤት ለቤት መሄድ ጀመሩ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በጥቂት ወረዳዎች ተሞከረ፤ ኋላም አዲስ አበባ ገባ። አቅም ያለው በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል። ለድሃው መንግሥት ይከፍልለታል።

የቀበሌው ቦታ አሁን በወረዳ ተተክቷል። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የሚባል ክፍለ ከተማ ተቋቁሟል። ከመሀል ከተማ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኮንዶሚኒየም የሄደ ሰውም ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከቀድሞ ወረዳው መሸኛ አምጥቶ በአዲሱ ወረዳ መመዝገብ ነበረበት። የቤት ቁጥር ጣጣ በሌላ ስም መጣ ማለት ነው።

የመድን ደብተር ያላችሁ አድማጮች፣ ዛሬ ማታ አውጥታችሁ አንብቡት። ስማችሁ በትክክል ተጽፏል? የልጆቻችሁስ ስም አለበት? የሚታደስበት ቀን መቼ ነው? ስም ከጎደለ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ወረዳችሁ ሂዱ።