የእናት መሸሸግና የሕፃን ማስታወስ

እናት ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ጥቂት ቈይታ ስትገልጠው ሕፃኑ ከት ብሎ ይስቃል። ነገሩ ለሚያልፍ ሰው ዋዛ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሕፃኑ የተሸፈነውን ፊት በልቡ ይዞ ባይቈይ ኖሮ በመመለሱ ደስ ባላለው ነበር። ይህ የቤት ጨዋታ ከሊቃውንት መጻሕፍት ገብቶ ቍም ነገር እስኪባል ድረስ የሄደበትን መንገድ ባጭሩ እንጽፋለን። ዘመኑን የምንቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ስለ ሕፃናት የቤት ትምህርት በሰፊው ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ የቦሄሚያ ወንድሞች ማኅበር ጳጳስ የነበረው ያን አሞስ ኮሜኒዩስ ነው። በ1622 ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ወረርሽኝ ወሰደበት፤ በ1628 በሃይማኖቱ ምክንያት ካገሩ ተሰዶ ወደ ፖላንድ ሄደ። በዚያም ሳለ በእናት ጭን ላይ ስለሚሰጠው ትምህርት የጻፈው መጽሐፍ በ1633 ታተመ። የታሪክ ትምህርት መጀመሪያው ሕፃኑ ትናንትና የሆነውን፥ ዓምናም የሆነውን ማስታወሱ ነው ይላል። እንግዲህ «ትናንት ማን መጥቶ ነበር?» ብላ ልጅዋን የምትጠይቅ እናት ሳታውቀው የታሪክ መምህር ናት።

ነገሩን ፈጽሞ ወደ ጨዋታ የለወጠው ግን ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሬበል ነው። በ1782 ከአንድ የሉተራን ቄስ ቤት ተወለደ፤ ገና ዓመት ሳይሞላው እናቱ ሞተችበት። ለእናቶች መጽሐፍ የጻፈላቸው እናቱን ያላወቀ ሰው መሆኑ ያስደንቃል። በ1837 በብላንክንቡርግ ሥራውን ጀመረ፤ በ1840ም የሕፃናት የአትክልት ቦታ የሚል ስም ሰጠው። ለሕፃናት የመጀመሪያ ስጦታ ብሎ ያዘጋጀው በክር የሚንጠለጠል የሱፍ ኳስ ነው። እናት ኳሱን ታሳያለች፥ ትሸሽጋለች፥ መልሳም ታመጣለች፤ እንዲህ ሲደጋገም ልጁ «አለ»፥ «ሄደ»፥ «መጣ» ማለት ምን እንደ ሆነ ከቃሉ አስቀድሞ በዓይኑና በእጁ ያውቀዋል። በ1844 ባወጣው የእናቶች መጽሐፍም የመደበቅና የኩኩ ወፍ ጨዋታ ይገኛል። (የኛ ልጆች በድብብቆሽ ጊዜ «ኩኩሉ» የሚሉት ግን ከአውራ ዶሮ የተማሩት ነው።) ሽማግሌው ከልጆች ጋር ሜዳ ለሜዳ ሲዘል ያዩት መንደርተኞች የጃጀ ሞኝ ይሉት ነበር ይባላል።

ሞኝነት አለመሆኑን ከመቶ ዓመት በኋላ የስዊሱ ሊቅ ዣን ፒያዤ አሳየ። በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ የገዛ ሦስት ልጆቹን በቤቱ እንዴት እንደ ተመለከታቸው ይተርካል። አሻንጉሊት በጨርቅ ሲሸፍንባቸው፥ ስምንት ወይም ዘጠኝ ወር ገደማ ሲሆናቸው ጨርቁን ገልጠው ማንሣት ጀመሩ። ነገር ግን ዕቃው ዓይናቸው እያየ ወደ ሌላ ጨርቅ ሥር ቢዛወር፥ አስቀድሞ ያገኙበትን የፊተኛውን ጨርቅ ይገልጡ ነበር። ይህ ስሕተት ዓመት ካለፋቸው በኋላ እየጠፋ ይሄዳል። ከዚያ የሚያንሱት ሕፃናት የተሸሸገውን እንደሌለ ይቈጥሩታል ብሎ ነበር፤ ከ1985 ጀምሮ የወጡ ምርምሮች ግን የአምስት ወር ሕፃን እንኳ የተሸሸገው ነገር በስፍራው እንዳለ እንደሚጠብቅ፥ ትኵር ብሎ የሚያይበትን ጊዜ በመለካት አመልክተዋል። ለሕፃን እጁን መላክ ልቡን ከመላክ ይልቅ ሳይከብደው አይቀርም።

ፍሬበል ግን ይህን ሁሉ አላየም። በነሐሴ 1851 የፕሩሲያ መንግሥት ክሕደትንና ሶሻሊዝምን ያስተምራሉ ብሎ የሕፃናት መዋያዎቹን ከለከለ። የወንድሙ ልጅ ካርል የጻፈው ጽሑፍ ከርሱ ሥራ ጋር ተምታቶ ነበር፤ ሽማግሌው ስሕተቱን ቢያስረዳም ትእዛዙ አልተነሣለትም። በሰኔ 1852 ሞተ። ክልከላው የቀረው በ1860 ነው፤ የሱፍ ኳስ መሸሸግ ለአንድ ታላቅ መንግሥት የሚያስፈራ ነገር ሆኖ ያን ያህል ዘመን ከረመ። በሽቫይና መንደር በመቃብሩ ላይ የቆመው ሐውልት ከጨዋታ ዕቃዎቹ አምሳል የተሠራ ነው፤ ከታች ባለ ስድስት ገጽ ድንጋይ፥ በርሱ ላይ ድቡልቡል ዓምድ፥ ከሁሉም በላይ ኳስ።