የዳገቱ ማራገቢያ

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል የራዲያተር ማራገቢያን ሥራ የሚያከብደው ዳገቱ ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ወደ ጎጃም የሚያሻግረው መንገድ ግን ወደ አባይ በረሃ ወርዶ እንደገና ይወጣል። በከተማዋ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ አየሩም ስስ ስለሆነ ከራዲያተሩ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል።

ወደ ማራገቢያው ከመግባታችን በፊት ስለ መኪናው ታሪክ ጥቂት፦ አዲስ አበባ መኪና ያየችው በምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጣሊያኖች አስመራንና አዲስ አበባን በደሴ በኩል በመኪና መንገድ አገናኙ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ የሚባሉት የጋራዥ ቃላት የጣሊያንኛ ውርስ ናቸው።

ኋላ በመጡት የፊያት ኤንትሬ መኪኖች ማራገቢያውን የሚያዞረው ሞተሩ ራሱ ነበር፤ በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ)። ምርመራውም የእጅ ነበር፦ ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጋው መሃሉ ላይ በአውራ ጣት ይጫናል። ከመጠን በላይ ከረገበ ይንሸራተታል፣ ማራገቢያውም ይለግማል። ከተሰነጠቀ ዳገት ሳይጀመር ይቀየራል። ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን መክፈት ፊትን ለፈላ ውሃ መስጠት ነው፤ የረዳት የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ሊሆን ይገባል።

በዛሬዎቹ አነስተኛ መኪኖች ማራገቢያው በኤሌክትሪክ ይዞራል። ሞተር ግሎ ማራገቢያው ዝም ካለ በቅድሚያ ፊውዙ፣ ቀጥሎ ሪሌው ይታያል። ከዚያ የማራገቢያው ሶኬት ተነቅሎ በቀጥታ ከባትሪ ጋር ይገናኛል፦ ከዞረ ጥፋቱ በሽቦው ወይም በሙቀት ሴንሰሩ ነው፤ ካልዞረ የማራገቢያው ሞተር ካርቦኑ አልቋል ወይም ራሱ ተቃጥሏል።