የሐር ክር ትውስታ፦ ከቬበር እስከ ከርነል ፍለጋ

ዛሬ የማወሳው የሒሳብ ጥያቄ ታሪኩ የሚነሣው ከአንድ የሐር ክር ነው። በ1835 እ.ኤ.አ. ቪልሄልም ቬበር በጎቲንገን የማግኔት መለኪያ የሚንጠለጠልበትን የሐር ክር ሲመረምር አንድ ነገር አስተዋለ። ክብደት የተሰቀለበት ክር ወዲያው ከተለጠጠ በኋላም ቀስ በቀስ መርዘሙን ይቀጥላል፤ ክብደቱ ሲነሣለትም ወደ ቀድሞ ርዝመቱ የሚመለሰው በዝግታ ነው። የሁክ ሕግ የሚያውቀው የአሁኑን ጭነት ብቻ ነው፤ ክሩ ግን ያለፈውንም አልረሳም።

ሉድቪግ ቦልትስማን በ1874 ለዚህ ጠባይ ሕግ አወጣለት። የአሁኑን ውጥረት የሚወስነው የአሁኑ መለጠጥ ብቻ ሳይሆን ያለፉት ሁሉ ድምር ነው፤ ጊዜ በራቀ ቁጥር ግን ያለፈው ሚዛኑ ይቀንሳል። ይህን ሚዛን የሚሰጠውን ፈንክሽን ዛሬ ከርነል እንለዋለን። ቪቶ ቮልቴራ በ1909 ሐሳቡን ወደ ኢላስቲሲቲ ኢኩዌሽኖች አስገባው። ይኸው ሰው ነው በ1931 ለፋሺስቱ አገዛዝ አልምልም ብሎ የሮማ ዩኒቨርሲቲ ወንበሩን ያጣው።

ከርነሉን ግን ማን ይነግረናል? «ቤተ ሙከራ ይለካዋል» የሚለው መልስ ለእኔ አጥጋቢ አይደለም። ቤተ ሙከራ የሚለካው መለጠጥን ወይም ሙቀትን እንጂ ከርነልን አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው ይገለበጣል፤ ከታወቀው ውጤት ተነሥተን ያልታወቀውን ትውስታ እንፈልጋለን።

ችግሩ ልኬቱ ከከርነሉ ጋር የሚገናኘው በኢንቴግራል መሆኑ ነው። ኢንቴግራል ያለሰልሳል፤ ወደ ኋላ ለመመለስ ልኬቱን ዲፈረንሺዬት ማድረግ ግድ ይላል። መጠኑ 0.001 ብቻ የሆነ ስሕተት፣ ለምሳሌ 0.001 ሳይን 1000ቲ፣ አንድ ጊዜ ዲፈረንሺዬት ሲደረግ መጠኑ 1 ይሆናል። ዣክ አዳማር የጠየቀው መረጋጋት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

በ1988 አልፍሬዶ ሎሬንዚ እና ኤውጄኒዮ ሲኔስትራሪ ትውስታ ላላቸው ቁሶች ጥያቄውን በቀጥታ አነሡት። ከአንድ ተጨማሪ ልኬት ከርነሉን ለማግኘት፣ በዲፈረንሺዬሽን ችግሩን ወደ ሁለተኛ ዓይነት የቮልቴራ ኢኩዌሽን መለወጥ ይቻላል። ቅድመ ሁኔታው ግን እጅግ ያስደስተኛል፤ የመነሻው ሁኔታ በልኬቱ ላይ ዜሮ ያልሆነ አሻራ መተው አለበት። በመጀመሪያዋ ቅጽበት ምንም ካልደረሰበት ቁስ የሚነበብ ትውስታ የለም።

ይህ ሁሉ ግን ለንጹሕ ልኬት ነው። አንድሬይ ቲኾኖቭ በ1963 ያቀረበው ሬጉላራይዜሽን ስሕተት ያለበትን ልኬት የሚታደገው ለስላሳውን መልስ በመምረጥ ነው። በፍራክሽናል ዲፊዩዥን የምናገኛቸው ከርነሎች ደግሞ በዜሮ ጊዜ አቅራቢያ ወሰን የላቸውም፤ ዘዴው አስቀድሞ የሚያለሰልሰውም ይህንኑ ስፍራ ነው።