የአንጀት ትል፣ ባክቴሪያና ሥር የሰደደ የቆዳ ማሳከክ፦ ከአሶሳ አንጻር

አሶሳ ውስጥ ለወራት ሲያሳክከው የከረመ ታካሚ ሲመጣ፣ ሐኪሙ «የቆዳ አለርጂ ነው» ብሎ ከመወሰኑ በፊት የሚያጣራው ብዙ ነው። እከክ አለ፤ ችፌ አለ። አሶሳ ባለችበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሚገኘውና ወራጅ ወንዝ ዳር በምትራባ ጥቁር ዝንብ የሚተላለፈው ኦንኮሰርካ የተባለ ትልም ቆዳን ለዓመታት ያሳክካል፣ ያሻክራል። በባዶ እግር በኩል ቆዳ በስተው የሚገቡ የአንጀት ትሎችም አሉ።

ታዲያ የአንጀት ትል አለርጂን ይከላከላል የሚል መላ ምት አለ፤ መሠረትም አለው። ትል ሰውነት ውስጥ ሲገባ በአለርጂ ጊዜ የሚታዩት አይጂኢ የተባለው ፀረ እንግዳ አካልና ኢዮሲኖፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ይጨምራሉ። ትሉ ግን ለራሱ ህልውና ሲል ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎችንና ኢንተርሉኪን 10ን ስለሚያነቃቃ የሰውነት ቁጣ ይበርዳል። የአንጀት ባክቴሪያዎችም ከማሽላ ገንፎና ከባሚያ ወጥ የሚያገኙትን አሰር አብላልተው ቡታይሬት ያመርታሉ፤ እሱም እነዚያኑ ሴሎች ያበረታል።

ማስረጃው ግን አንድ ወገን አይዝም። እ.ኤ.አ. በ2001 ላንሴት ላይ የወጣው የጅማ ጥናት ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል ባለባቸው ሰዎች ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስ እንደሚያንስ አሳየ። ከዚያው ከጅማ በ2005 የታተመው የሕፃናት ጥናት ደግሞ ትሪኩሪስ የተባለው ትል ባለባቸው ልጆች ችፌ በዝቶ አገኘ። በቡታጅራ ከእናታቸው ማህፀን ጀምሮ ክትትል የተደረገላቸው ሕፃናት 3 ዓመት ሲሞላቸው፣ ከአለርጂ ማነስ ጋር ተያይዞ የታየው የጨጓራው ባክቴሪያ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ እንጂ የአንጀት ትል አልነበረም። በኡጋንዳ ኢንቴቤ በእርግዝናቸው ጊዜ አልቤንዳዞል የተባለውን የትል መድኃኒት የወሰዱ እናቶች ልጆች ላይ ግን ችፌ ጨመረ። የትሉ ዓይነት፣ ብዛቱና የተያዙበት ዕድሜ ውጤቱን ይለውጡታል ማለት ነው። በዚህ ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ደም የሚመጥና ልጅን የሚያቀጭጭ ትል በሆድ ይቆይ ማለት አይቻልም፤ በትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የትል መድኃኒት መቀጠል አለበት።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ስትሮንጂሎይደስ ነው። ይህ ትል እዚያው ሰው ውስጥ ራሱን እያባዛ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል፤ እጩ ቆዳ ሥር ሲጓዝ በሰዓታት ውስጥ ቦታ የሚቀይር የሚያሳክክ ቀይ መስመር ይተዋል። እንቁላሉ አንጀት ውስጥ ስለሚፈለፈል ለአንጀት ትል ዳሰሳ የሚሠራበት የካቶ ካትስ የሰገራ ምርመራ አያሳየውም። በስላይድ ላይ በጨው ውኃ የተበጠበጠች ጥቂት ሰገራ ስትታይም፣ የሚንፈራገጠው እጭ ጥቂት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ያመልጣል። አንድ ጊዜ የሚሰጥ አልቤንዳዞልም እምብዛም አያጠፋውም። ይህ ትል ያለበትን ታካሚ «አለርጂ ነው» ብሎ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ማስጀመር ትሉ በመላ ሰውነት እንዲሰራጭ መንገድ ይከፍታል፤ የአንጀት ባክቴሪያም አብሮት ወደ ደም ይገባል፣ ታካሚው ሊሞት ይችላል። አይቨርሜክቲን ይህን ትል ይገድላል፤ ለኦንኮሰርካ ዘመቻም በክልሉ የታወቀ መድኃኒት ነው። ስለዚህ በክልሉ የምትሠሩ የጤና ባለሙያዎች፣ ለማያቋርጥ ማሳከክ የስቴሮይድ እንክብል ወይም መርፌ ከማዘዛችሁ በፊት ስትሮንጂሎይደስን አጣሩ፤ ማጣራት ካልተቻለም አይቨርሜክቲኑን አስቀድሙ።